ላሊበላ፤ የቅርስ ጥበቃና የአገር ጉብኝት ንግድ በአንዲት ጥንታዊት ከተማ

ስለ ላሊበላ በትምህርት ቤቶች የሚሰጠው የታሪክ ትምህርት በአብዛኛው በ13ኛው ምዕተ ዓመት መጀመሪያ ላይ ያበቃል። ተማሪው የዛግዌን ሥርወ መንግሥት፣ የሮሃን ጥንታዊ ስምና ከወጥ ዐለት ተፈልፍለው የወጡትን ዐሥራ አንዱን አብያተ ክርስቲያናት ካወቀ በኋላ ትምህርቱ ወደ ይኩኖ አምላክ ዘመን ይሻገራል። ከዚያ ወዲያ የላሊበላ ስም የሚነሣው በቅርስ ዝርዝር ውስጥ ወይም በገና በዓል ሰሞን ብቻ ነው። ይሁን እንጂ ላሊበላ የተጸለየባት ብቻ ሳትሆን ሰው የኖረባት፣ የተነገደባትና የተከራከሩባት ከተማ ናት። በተለይም ያለፉት 60 ዓመታት ታሪኳ፣ ይኸውም ቅርስን የመጠበቅ ሥራና አገር ጎብኚን የመሳብ ሥራ በአንድ ኮረብታ ላይ ተገናኝተው አንዳንድ ጊዜ የተደጋገፉበት፣ አንዳንድ ጊዜም የተጋጩበት ታሪክ፣ ለመምህራንም ሆነ ለዕቅድ አውጪዎች ከጥንቱ ያላነሰ ጠቀሜታ አለው። ሁለቱ ዓላማዎች በጽሑፍ ላይ ሲቀመጡ የማይጣሉ ይመስላሉ፤ በመሬት ላይ ግን ቦታ፣ ውኃና ገንዘብ የሚሻሙ ናቸው።

ሥፍራውና ዐለቱ

ላሊበላ በላስታ ተራሮች መካከል፣ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ትገኛለች። ከዮርዳኖስ ወንዝ በስተሰሜን ቤተ መድኃኔ ዓለም፣ ቤተ ማርያም፣ ቤተ መስቀል፣ ቤተ ደናግልና ቤተ ጎልጎታ ሚካኤል፣ በስተደቡብ ደግሞ ቤተ አማኑኤል፣ ቤተ መርቆሬዎስ፣ ቤተ አባ ሊባኖስ፣ ቤተ ገብርኤል ወሩፋኤልና ቤተ ልሔም ይገኛሉ። ቤተ ጊዮርጊስ ከሁለቱም ወገን ተለይቶ ለብቻው በጥልቅ ጉድጓድ ውስጥ ቆሟል። ከሁሉ የሚልቀው ቤተ መድኃኔ ዓለም ሲሆን ርዝመቱ ከ33 ሜትር ይበልጣል።

ሕንፃዎቹ የተፈለፈሉበት ዐለት ከእሳተ ገሞራ የተገኘ፣ ቀይና ቀዳዳ የበዛበት ድንጋይ ነው። የዐለቱ ልስላሴ የጠራቢዎችን ሥራ አቅልሎላቸዋል፤ ዳሩ ግን ያው ልስላሴ ሕንፃዎቹን ለዝናብ ያጋልጣቸዋል። ክረምት ሲገባ ውኃው በቀዳዳውና በስንጥቁ ይሰርጋል፤ በጋ ሲመጣ ዐለቱ ይደርቃል፤ እንዲህ እየራሰና እየደረቀ ሲሄድ የላይኛው ቅርፊት ይላላና ይረግፋል። ጥንታውያኑ ጠራቢዎች ይህን ሳያውቁ አልቀሩም። በሕንፃዎቹ ዙሪያ ያሉት ጉድጓዶች ወለል ዘንበል ተደርጎ መጠረቡና ውኃውን ወደ ቆላው የሚያወርዱ ቦዮች መቆፈራቸው፣ የውኃን ነገር ከመጀመሪያው ያሰቡበት መሆኑን ያሳያል። ስለ ላሊበላ የሚነገረው ሁሉ ስለ ጣሪያዎቹ መስቀልና ስለ ዐምዶቹ ውበት ነው፤ ስለ ቦዮቹ የሚያነሣ ሰው ጥቂት ነው። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ግን ቦዮቹ ደጋግመው ይነሣሉ።

የግንባታው ዘመንም ቢሆን እንደ ቀድሞው በአንድ ቃል የሚዘጋ ጉዳይ አይደለም። ትውፊቱ ሥራውን ሁሉ ለንጉሥ ላሊበላ ዘመን፣ ማለትም ለ12ኛው ምዕተ ዓመት መጨረሻና ለ13ኛው መጀመሪያ ይሰጣል። እንግሊዛዊው የአርኬዎሎጂ ሊቅ ዴቪድ ፊሊፕሰን ግን የጥንቶቹ ክፍሎች፣ በተለይም ቤተ መርቆሬዎስና ቤተ ገብርኤል ወሩፋኤል፣ ከዚያ ብዙ ምዕተ ዓመታት ቀድመው ለሌላ አገልግሎት የተፈለፈሉ እንደሆኑ አስረድተዋል። ከእርሳቸው ቀጥሎ ፈረንሳውያን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2010 ባወጡት ጥናት ሥፍራው በተለያዩ ዘመናት ተደጋግሞ የተጠረበና የተለወጠ መሆኑን አመልክተዋል። እነዚህ ተመራማሪዎች ማስረጃ ከፈለጉባቸው ቦታዎች አንዱ ጠራቢዎቹ ከጉድጓዱ እያወጡ ያፈሰሱት የድንጋይ ፍርስራሽ ክምር ነበር። ይህ ነጥብ ለዕቅድ አውጪ እጅግ ጠቃሚ ነው። ሆቴል ለመሥራት መሬት ለሚፈልግ ሰው ክምሩ በአንድ ሳምንት ተጠርጎ የሚነሣ ኮረት ነው፤ ለታሪክ ጸሐፊው ግን ንብብሩ የሥራውን ቅደም ተከተል የያዘ መዝገብ ነው። በላሊበላ ቅርስ የሚባለው አብያተ ክርስቲያናቱ ብቻ እንዳልሆኑ የሚያስገነዝብ ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አይገኝም።

ተሳላሚና ጎብኚ

ወደ ላሊበላ እንግዳ መምጣት የጀመረው ትናንት አይደለም። ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ እ.ኤ.አ. ከ1520 እስከ 1526 በኢትዮጵያ በቆየበት ጊዜ አብያተ ክርስቲያናቱን አይቷል፤ እ.ኤ.አ. በ1540 በሊዝቦን በታተመው መጽሐፉም በዝርዝር ገልጧቸዋል። አንባቢ አያምነኝም ብሎ ስለ ፈራም የጻፈው እውነት መሆኑን በመሐላ አረጋግጧል።

ከአልቫሬዝ በፊትም ሆነ በኋላ የከተማዋ ዋነኛ እንግዳ ግን በእግሩ ተጉዞ የሚመጣው ተሳላሚ ነበር። የላሊበላ ሰው የተሳላሚን እግር አጥቦ የመቀበል ልማድ አለው። የገና በዓል የንጉሡ የልደት ቀንም ስለሆነ ታኅሣሥ ማለቂያ ላይ ሕዝቡ ከየአገሩ ይጎርፋል፤ በቤተ ማርያም ግቢ የሚዜመው ቤዛ ኩሉም የበዓሉ ዋነኛ ሥርዓት ነው። ይህ ጉዞ የራሱ ኢኮኖሚ ነበረው፤ ማደሪያ፣ ጠላ፣ እንጀራ፣ ጧፍና ዕጣን ይጠይቃል። ይሁንና ተሳላሚው የሚያድረው በሰው ቤት ወይም በደጀ ሰላም በመሆኑ ለእርሱ ሲባል የፈረሰ ሰፈር፣ የተቆረጠ ኮረብታ አልነበረም። አገር ጎብኚው በመጣ ጊዜ ከቤተ ክርስቲያኑ በተጨማሪ አልጋ፣ ሙቅ ውኃ፣ መንገድና አውሮፕላን አስፈለገ። ለውጡ የሚመዘነው ከዚህ ልዩነት አንጻር ነው።

ጥበቃና ጉብኝት አብረው ሲመጡ

በ20ኛው ምዕተ ዓመት አጋማሽ ሕንፃዎቹ በውኃ መጎዳታቸው በግልጽ ይታይ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1954 በተደረገው ጥገና የአንዳንዶቹ ጣሪያ ሬንጅ ተቀባ። ሐሳቡ በጎ ነበር። ነገር ግን ሬንጅ ከላይ የሚወርደውን ዝናብ ቢከላከልም በዐለቱ ውስጥ ያለው እርጥበት እንዳይተን ያፍናል፤ መልኩንም ያበላሻል። ከ12 ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1966፣ ዓለም አቀፉ የመታሰቢያ ሐውልቶች መርጃ ድርጅት የኢጣሊያኑን የሕንፃ ባለሙያ ሳንድሮ አንጀሊኒን ልኮ ሌላ የጥገና ሥራ ሲያስጀምር ከመጀመሪያዎቹ ተግባሮች አንዱ ያንን ሬንጅ መፋቅ ሆነ። አንድ ትውልድ ቅርስን ለማዳን ብሎ የለበጠውን ተከታዩ ያንኑ ቅርስ ለማዳን ብሎ አነሣው። በቤተ ክርስቲያኑ ጣሪያ ላይ የሚፈጸም ሥራ ሁሉ ወደ ነበረበት ሊመለስ የሚችል ይሁን የሚለው የጥበቃ ሕግ በላሊበላ በእንዲህ ያለ ዋጋ የተገዛ ትምህርት ነው።

ይህ የጥገና ሥራ የተጀመረበት ዘመን የቱሪዝም ዘመንም ነበር። በአቶ ሀብተ ሥላሴ ታፈሰ የሚመራው የኢትዮጵያ ቱሪስት ድርጅት «የ13 ወር ፀጋ» በሚል መፈክር አገሪቱን ለዓለም ያስተዋውቅ ጀመር፤ አክሱምን፣ ጎንደርን፣ ላሊበላንና የጣናን ገዳማት የሚያያይዘው ታሪካዊ የጉብኝት መስመርም በዚሁ ጊዜ ቅርጽ ያዘ። እ.ኤ.አ. በ1968 አንጀሊኒና ሉዊ ሙዤን ለዩኔስኮ ያቀረቡት ዘገባ፣ የኢትዮጵያን ታሪካዊ ሥፍራዎች ለቱሪዝም ዕድገት አስተዋጽኦ እንዲያደርጉ ስለማልማት የሚል ርእስ ነበረው። ርእሱን ልብ ብሎ ለሚመለከተው የነገሩን ቅደም ተከተል ይናገራል፤ ቱሪዝም ለቅርስ ገንዘብ ያመጣል ሳይሆን ቅርስ ለቱሪዝም ያገለግላል ነው የሚለው። በዘመኑ ይህ አነጋገር እንግዳ አልነበረም። ገንዘብ የሚገኘው በዚያ ቋንቋ ለሚጠይቅ ነበርና ባለሙያዎቹ መወቀስ የለባቸውም። ሆኖም የዚያ ቅደም ተከተል ውጤት እስከ ዛሬ ድረስ በከተማዋ መሬት ላይ ይነበባል።

ሰባት ወይራ ሆቴልን የመሰሉ የመጀመሪያዎቹ ማረፊያዎች ተሠሩ። አውሮፕላን የሚያርፈው በበጋ ብቻ በሚያገለግል የአፈር ሜዳ ነበር፤ ክረምት ሲገባ ከተማዋ ከአየር መንገዱ ትቆረጥ ነበር። ከ1966ቱ አብዮት በኋላ የጎብኚው ቁጥር ቀነሰ፤ የሰሜኑ ጦርነትና የ1977ቱ ረሃብም መንገዱን ዘጉት። በዚህ መሐል ግን አንድ ትልቅ ነገር ተፈጽሟል። በ1970 ዓ.ም. ማለቂያ፣ ማለትም እ.ኤ.አ. በመስከረም 1978፣ ዩኔስኮ የመጀመሪያዎቹን 12 የዓለም ቅርሶች ሲመዘግብ ላሊበላና የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ከመካከላቸው ነበሩ። ክብሩ ታላቅ ነው፤ ጉድለትም ነበረበት። በምዝገባው ጊዜ የቅርሱ ወሰን በግልጽ አልተሰመረም፤ በዙሪያውም ግንባታ የሚከለከልበት ቀበቶ አልተወሰነም። ወሰኑ ያልታወቀን ነገር መጠበቅ ምን ያህል አስቸጋሪ እንደሆነ የገባው ከ20 ዓመት በኋላ፣ ሆቴል ሠሪው በመጣ ጊዜ ነበር።

ከተማዋ ስትሰፋ

ከ1983 ዓ.ም. በኋላ ሰላም በመምጣቱ ጎብኚው ተመለሰ። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ በሹምሽሃ ሜዳ አስፋልት የለበሰ አውሮፕላን ማረፊያ ተሠርቶ ክረምት ከበጋ መብረር ተቻለ። በ1987ቱ የሕዝብ ቆጠራ ከ8,500 የማይበልጠው የከተማዋ ነዋሪ በ1999 ዓ.ም. ከ17,000 በላይ ሆነ፤ በ12 ዓመት ውስጥ እጥፍ ማለት ነው። ጥሩ እይታ ባለው የገደል አፋፍ ሁሉ ሆቴል ተተከለ። ከገጠር የመጣው ወጣት በሆቴል ሥራ፣ በመኪና፣ በአስጎብኚነትና በዕቃ ሽያጭ ተሰማራ። ይህ ዕድገት በመዋቅር ያልተመራ ቢሆንም ለላስታ ገበሬ ልጅ ከዚያ በፊት ያልነበረ የኑሮ በር መክፈቱን መካድ አይቻልም። ቅርስ ጠባቂው ይህን ከዘነጋ ምክሩ ሰሚ ያጣል።

ዕድገቱ ያስከተለው ጥያቄ ግን በአብያተ ክርስቲያናቱ ዙሪያ ለኖሩት ሰዎች የከፋ ነበር። የላስታ ቤት በአካባቢው ቀይ ድንጋይና በጭቃ የሚገነባ፣ ክብ፣ ብዙ ጊዜ ባለ ሁለት ፎቅና የሣር ክዳን ያለው ነው፤ ወደ ላይኛው ክፍል የሚወጣበት ደረጃ ከውጭ ነው። ይህ የቤት ዓይነት በዓለም ቅርስነት መግለጫው ውስጥም ተጠቅሷል። በእነዚህ ቤቶች የሚኖሩት ቀሳውስት፣ ደብተሮች፣ ጠላ ጠማቂዎች፣ የተሳላሚ አሳዳሪዎች ነበሩ። ከቤታቸው የሚወጣው ፍሳሽ፣ የመጸዳጃ ጉድጓዱና የማገዶው እሳት ለዐለቱም ለሕንፃዎቹም ስጋት መሆኑ የባለሙያ ግምት ነበር፤ ግምቱም መሠረት የለሽ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ2009 የዓለም ባንክ በፈቀደው የቱሪዝም ልማት ብድር ውስጥ ላሊበላ ስትካተት፣ በአብያተ ክርስቲያናቱ አቅራቢያ የነበሩ ቤተሰቦች ተነሥተው ወጣ ባለ አዲስ ሰፈር እንዲሠፍሩ ተደረገ።

በዚህ ላይ ቆም ብሎ ማሰብ ይገባል። ካሣ በቤቱ ስፋትና በመሬቱ ይዞታ ሊለካ ይችላል። በበዓል ዋዜማ ለተሳላሚ መደብ ታከራይ የነበረች ባልቴት ግን ያጣችው ቤት ብቻ አይደለም፤ ያጣችው ደጃፍ ነው። ኪዳን ለማድረስ በሌሊት ይነሡ የነበሩ አረጋዊ ካህን ከሰፈራቸው ሲርቁ የሚጨመርባቸው መንገድ በየትኛውም የካሣ ሠንጠረዥ ላይ አይሰፍርም። ከዚህም ሌላ የሣር ክዳን የሚጠበቀው በውስጡ በሚነደው እሳት ጭስ ነው፤ ጭሱ ነፍሳትን ያርቃል፣ ሣሩንም ያደርቃል። ሰው የለቀቀው የሣር ቤት በጥቂት ክረምት ይበሰብሳል፤ ክዳኑ የወረደ የጭቃና የድንጋይ ግንብም ብዙ አይቆይም። እንግዲህ ቤቱን ለቅርስነት ጠብቆ ነዋሪውን ማንሣት ቤቱንም እስከ ማጣት ሊያደርስ ይችላል።

የሐረር ጁገል ለዚህ ጥሩ ንጽጽር ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው ጁገል ግንቡና መስጊዶቹ ብቻ ሳይሆኑ በውስጡ የሚኖረው ሕዝብና የቤቱ አደረጃጀት ጭምር ነው፤ የሐረሪ ቤት መደቡ፣ የግድግዳው ዕቃ መደርደሪያና ጌጡ ትርጉም የሚኖራቸው ባለቤቲቱ ባለችበት ነው። በሐረር ነዋሪውን አንሥቶ ቅርሱን ማስቀረት የማይታሰብ ነው። በላሊበላ የታሰበው፣ ዐለቱ ስለ ገዘፈ ሰዉ አንሶ ስለ ታየ ይመስላል።

የመጠለያው ጉዳይ

ከሁሉ የበለጠ ክርክር ያስነሣው ግን በአብያተ ክርስቲያናቱ ላይ የተዘረጋው መጠለያ ነው። የአውሮፓ ኅብረት በሰጠው ገንዘብ ዓለም አቀፍ የንድፍ ውድድር ከተደረገ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2007 እና በ2008 አራት መጠለያዎች በብረት ምሰሶ ላይ ተተከሉ፤ ቤተ መድኃኔ ዓለምን፣ ቤተ ማርያምንና ቤተ መስቀልን በአንድነት፣ ቤተ አማኑኤልንና ቤተ አባ ሊባኖስን ይሸፍናሉ። ከመነሻው የታሰቡት ለጊዜው ነበር፤ ዝናቡ ተከልክሎ ዐለቱ እስኪጠገን ድረስ ብቻ። ዝናቡን በእርግጥ ከልክለዋል። ጥገናው ግን በታሰበው ፍጥነት አልተከተለም፤ ጊዜያዊ የተባለው ለዓመታት ቆየ።

የከተማዋ ሰው ቅሬታ ሁለት ዓይነት ነበር። አንደኛው በነፋስ የሚወዛወዘው ብረት በሕንፃዎቹ ላይ ይወድቃል የሚል የደኅንነት ስጋት ነው። ሁለተኛው ከዚያ የጠለቀ ነበር፤ ቤተ ክርስቲያን ከሰማይ በታች እንጂ ከብረት በታች መሆን አይገባውም የሚል። በመስከረም 2011 ዓ.ም. ነዋሪዎች አደባባይ ወጥተው አብያተ ክርስቲያናቱ እንዲጠገኑና መጠለያዎቹ መፍትሔ እንዲያገኙ ጠየቁ። በዚያው ዓመት በመጋቢት የፈረንሳይ ፕሬዚዳንት ኤማኑኤል ማክሮን ላሊበላን ጎብኝተው አገራቸው በጥበቃው ሥራ እንደምትረዳ ቃል ገቡ። አንድ የአገር ውስጥ የጥገና ጥያቄ ሰሚ ለማግኘት ሰልፍና የባዕድ አገር መሪ ጉብኝት ማስፈለጉ ለበጀት ዐዋቂዎች የሚተው ጥያቄ ነው።

ከመጠለያዎቹ በተቃራኒ ብዙ ያልተወራለት ሥራ በቤተ ገብርኤል ወሩፋኤል ተከናውኗል። በዚያ የመጠለያ ጣሪያ አልተተከለም፤ ስንጥቁ እየተደፈነ፣ የላላው ድንጋይ እየተያዘ፣ የውኃው መውረጃ እየተስተካከለ ሕንፃው በቦታው ታከመ፤ የአካባቢው ሰዎችም በሥራው ሠለጠኑ። ለጉብኝት ማስታወቂያ የሚሆን ፎቶግራፍ ከእንዲህ ያለ ሥራ አይገኝም። የሠለጠነው ሰው ግን ባለሙያው ከሄደ በኋላም በከተማው ይቀራል።

ልጆቹና ትረካው

እስካሁን የተባለው ሁሉ የሕንፃና የመሬት ነገር ነው። ለመምህራን ከዚያ የሚቀርብ ሌላ ጉዳይ አለ። ጎብኚ በበዛበት ከተማ ልጅ ከትምህርት ቤት ይልቅ በመንገድ ላይ ፈጥኖ ገንዘብ ያገኛል። የጎብኚ ጫማ የሚጠብቅ፣ ዕቃ የሚሸከም፣ መጽሐፍ መግዣ የሚለምን ሕፃን ከክፍል የቀረበትን ምክንያት ለመረዳት አይከብድም፤ አንድ የውጭ ሰው በርኅራኄ የሚሰጠው ኖት አባቱ በቀን ሥራ ከሚያገኘው ሊበልጥ ይችላል። ይህን በግሣጼ ማስቆም አይቻልም። ነገሩ የሚሻሻለው በከተማዋ ያለው ሥራ ትምህርትን የሚጠይቅ ሲሆንና ጎብኚውም ርዳታውን በልጁ እጅ ሳይሆን በትምህርት ቤቱ በኩል እንዲሰጥ ሲመራ ነው።

ትረካውም ራሱ የንግድ ዕቃ ይሆናል። ትውፊቱ ሰዎች ቀን የጠረቡትን መላእክት ሌሊት አጥፍተው እየጠረቡ ያድሩ ነበር ይላል፤ ይህ የእምነት ቃል ነው፤ መምህር በክፍል ውስጥ በአክብሮት ሊያስረዳው የሚገባ። የውጭ ሰዎች መጥተው ሠሩት የሚለው ወሬ ግን ሌላ ነው። ከአልቫሬዝ ዘመን ጀምሮ ሲነገር ቆይቶ በኋለኛው ጊዜ ምሥጢር ፈላጊ ጸሐፊዎች የመስቀል ጦረኞችን እስከ መጥራት ደርሰዋል። ማስረጃ የለውም። ይሁን እንጂ ጎብኚ ምሥጢር ይወዳልና ወሬው ይሸጣል። የላሊበላ ተማሪ ቦዩን የቀየሰው፣ ዐለቱን ከላይ ወደ ታች እየቆረጠ ዐምድና መስኮት ያስቀረው የዚያው አገር ጠራቢ መሆኑን በትምህርት ቤት በሚገባ ካልተማረ በአስጎብኚነት ሲሰማራ ያያቶቹን ሙያ ለሌላ ሰጥቶ ይተርካል። በአካባቢ ጥናት ትምህርት ውስጥ የመጥረቢያውን አሻራ በግድግዳው ላይ ማሳየት፣ የቦዩን ዝንባሌ በገመድና በውኃ መለካት፣ የሰፈሩን ቤቶች በንድፍ ማስፈር ብዙ ወጪ የማይጠይቅ ትምህርት ነው።

ንግዱ ሲቆም

ላሊበላ ኑሮዋን በአንድ ንግድ ላይ ማሳረፏ ምን እንደሚያስከትል ያለፉት ጥቂት ዓመታት አሳይተዋል። በ2012 ዓ.ም. የኮሮና ወረርሽኝ በረራውን አቆመ። በ2013 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ ጦርነቱ ከተማዋ ገባ፤ እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ድረስ ከእጅ ወደ እጅ ተለዋወጠች። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በክልሉ በተነሣው ግጭት ጉዞው ዳግመኛ ተስተጓጎለ። ለሆቴል የተበደረው ባለሀብት፣ በቀን ገቢ የሚኖረው አስጎብኚና አልጋ አንጣፊዋ በአንድ ጊዜ ሥራ ፈቱ። እርሻውን ትቶ የመጣው ወጣት የሚመለስበት መሬት አልነበረውም።

በአንጻሩ በታኅሣሥ 29 ቀን 2014 ዓ.ም.፣ ጦርነቱ ከከተማዋ በራቀ በሳምንታት ውስጥ፣ የገና በዓል በላሊበላ ተከበረ። የመጣው ባለ አውሮፕላኑ ጎብኚ አልነበረም፤ ተሳላሚው ነበር። ሆኖም የልማት ዕቅዶች ሲዘጋጁ የውጭው ጎብኚ ሌሊትና ዶላር ተሰልቶ ይቀርባል እንጂ የተሳላሚው ውኃ፣ ማደሪያና መጸዳጃ በቅድሚያ ሲታሰብ አይታይም። በበዓል ሰሞን ለዐለቱ ትልቁ ጫና የሚመጣውም ከዚሁ ሕዝብ መሆኑ ሲታሰብ ጉድለቱ የእንግዳ አቀባበል ብቻ ሳይሆን የቅርስ ጥበቃም ጉድለት ነው።

ገንዘቡን በተመለከተ ሕጉ ግልጽ መሠረት ጥሏል። አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስን የመጠበቅ ኃላፊነት ለመንግሥት ብቻ ሳይሆን ቅርሱን በእጁ ለያዘም ባለይዞታ ሰጥቷል። በላሊበላ ባለይዞታዋ ቤተ ክርስቲያን ናት፤ የመግቢያ ክፍያውንም የምትሰበስበው እርሷው ናት። ከውጭ ጎብኚ የሚጠየቀው ክፍያ እ.ኤ.አ. በ2013 50 ዶላር ነበር። ከዚህ ገቢ የካህናቱ መተዳደሪያ ይወጣል፤ ሆቴሎቹ ከዚሁ ዐለት የሚያገኙት ትርፍ ግን ለዐለቱ የሚመለስበት ቋሚ መንገድ አልተበጀም። ታላላቅ ጥገናዎች ከውጭ በሚመጣ ርዳታ ይሠራሉ፤ ርዳታ ሰጪው ሥራው ተጀምሮ የሚያልቅ፣ ተመርቆ የሚታይ እንዲሆን ይፈልጋል። በየዓመቱ ግንቦት ሲጋመስ፣ ዝናቡ ሳይገባ፣ ቦዮቹን የሚጠርግ፣ በጣሪያው ስንጥቅ የበቀለውን ሣር የሚነቅልና የተከፈተውን ቀዳዳ የሚደፍን ሠራተኛ ግን አይመረቅም። የእርሱ ደመወዝ በቤተ ክርስቲያኑ፣ በማዘጋጃ ቤቱ፣ ወይስ በባለሥልጣኑ በጀት ውስጥ እንደሚገባ በቁርጥ ካልተወሰነ፣ የሚቀጥለውም ጥገና የሚጀምረው ያለፈው ክረምት ያበላሸውን በመቁጠር ይሆናል።